የልሙጥ ሳንቲሞቹ ባለቤት

ሟቹን ያገኙት ሯጮች ናቸው። ከእንጦጦ ራጉኤል በስተምሥራቅ፣ ጫካው ወደ የካ በሚያዘቀዝቅበት ጠባብ መንገድ ላይ ልጃገረዶች ተከታትለው ሲሮጡ ፊተኛዋ ድንገት ቀጥ አለች። የኋለኞቹ ተላተሟት። መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነው። ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ፣ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ክምር ውስጥ ብቅ ብሎ።

ኢንስፔክተር ሐመልማል ስትደርስ ልጅቷ ገና አፏን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር።

"ሽማግሌ ናቸው" ትላለች ደጋግማ፣ ሌላ ቃል የጠፋት ይመስል። "ሽማግሌ እኮ ናቸው!"

እውነቷን ነው። ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ከረባት ያሰሩ አዛውንት በግንባራቸው ተደፍተዋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰብሯል። ኪሶቻቸው ሁሉ ወደ ውጭ ተገልብጠዋል፤ የኪስ ቦርሳቸው ግን ከነመታወቂያውና ከነብሩ አጠገባቸው ወድቋል። ስልካቸው የለም። ሐመልማል በፖሊስነት ዘመኗ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ለሠርግ የተጠራ የሚመስል ሰው ጫካ ውስጥ ተደፍቶ ግን አይታ አታውቅም።

ረዳቷ ሳጅን ሰላሙ ተንበርክኮ ከቅጠሉ መሃል ክብ ክብ ብረቶች ይለቅማል። ሰላሙን ከስርቆት ክፍል ወደ እሷ ያስዛወረችው ራሷ ናት። ሥራ የሚወድ፣ ትሑት ልጅ ነው። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳችው እሷ ስለሆነች ከቢሮ ውጭ "አበልጄ" ይላታል፤ በሥራ ላይ ግን "ኢንስፔክተር" ከማለት ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

"ምንድን ናቸው?" አለችው።

"እኔም ግራ ገብቶኛል ኢንስፔክተር። ሳንቲም ነው እንዳልል ምንም የለባቸውም። አንበሳ የለ፣ ጽሑፍ የለ። የአዝራር ብረት ይሆን?" የለቀማቸውን በላስቲክ ከረጢቶች ከትቶ አሸጋቸው።

የፖሊስ ሐኪሙ ከሬሳው ቀና አለ። "በድንጋይ ነው። ትናንት ሳይመሽ ይመስለኛል። ሁለት ጊዜ ተመትተዋል፤ ሁለተኛው ከወደቁ በኋላ ነው።"

ከወዲያ በኩል የራጉኤል ደወል ተሰማ።

*

ሟቹ አቶ ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ የካ ሚካኤል ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ፌበን ትባላለች። ሐዋሳ ትሠራለች። መርዶውን ሰምታ የመጣችው ሌሊቱን በመኪና ነው።

ሐመልማል ከቀብሩ በኋላ ወደ ቤቱ ሄደች። ሰላሙ አልተከተላትም፤ "እኔ የስልካቸውን ጉዳይ ላሯሩጥ" ብሎ ቀረ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ፌበን ፊቷ ከማበጡ የተነሣ ዓይኖቿ ጠበዋል። ኢንስፔክተሯን እጇን ይዛ ወደ አባቷ ክፍል አስገባቻት።

ግድግዳው በሙሉ መሳቢያ ነው። ፌበን አንዱን ሳበችው። በቀይ ከፈይ ላይ የተደረደሩት እነዚያው ክብ ብረቶች ናቸው። ጫካ ውስጥ ከተለቀሙት ጋር አንድ ዓይነት።

"ሳንቲም ናቸው" አለች ፌበን። "ማለቴ፣ ሳንቲም ሊሆኑ የነበሩ። ከብረቱ ተቆርጠው ማኅተሙ ሳያርፍባቸው ያመለጡ። አባባ 'ልሙጥ' ነው የሚላቸው። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ወያላው መልስ ብሎ ልሙጥ ብረት ሰጠው። 'ይሄ ሳንቲም አይደለም' ቢለው ወያላው 'እኔም ከሰው ነው የተቀበልኩት' አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጣላ ነበር። አባባ ግን ቤት ይዞት መጥቶ ሲያገላብጠው አደረ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ያልጻፈበት አገር የለም። ከውጭም በፖስታ ያስመጣ ነበር።"

"ዋጋ አላቸው?"

"አብዛኞቹ የላቸውም። ሰው ሁሉ የሚሰበስበው ንጉሥ ያለበትን ነው፤ አባባ ደግሞ 'ለነገሥታቱ ሰብሳቢ አያጡም' ይላል።" መሳቢያውን ይበልጥ ወደ ፊት ሳበችው። "እነዚህን ይንኳቸው። የላይኞቹ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ጫፋቸው እንደተቆረጠ ነው። የታችኞቹ ደግሞ ዙሪያቸው ከፍ ብሏል። አባባ 'ከንፈራም' ይላቸዋል። ጠፍጣፋው ጅምር ነው፤ ከንፈራሙ ግን ለመመታት የተዘጋጀ ነው። ሁለቱን ካደባለቅሁበት ይቆጣ ነበር።"

ሐመልማል አውራ ጣቷን አሳረፈችባቸው። በዓይን ሲያዩት ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ በጣት ግን ይሰማል።

"ጠላት ነበራቸው?"

"ከጎረቤታችን ከአቶ በርናባስ ጋር በአጥር ይካሰሱ ነበር። እሱ ግን..." ፌበን ስልኳን አወጣች። "እኔን የቸገረኝ ይሄ ነው። ከመሞቱ በፊት በቴሌግራም የላከልኝ።"

ፎቶው ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ያለበት የጥንት የብር ሳንቲም ይታያል። ከሥሩ አቶ ወልደ ሐዋርያት እንዲህ ጽፈዋል፦ "ልጄ፣ የተሰረቀብኝን አገኘሁት። ፊት አውጥተውለታል!"

"ምን ማለታቸው ነው?"

"መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አምና ሌባ ገብቶ የብር ልሙጦቹን ወስዶበታል። ከሁሉም የሚሳሳለት አንድ ነበር፤ ያውልዎት።" ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ ፎቶ አሳየቻት። ብርማ ልሙጥ ነው፤ ጠርዙ ላይ አይጥ የነከሰችው ይመስል በጨረቃ ቅርጽ ጎድሏል። "ሲቆረጥ ማሽኑ ቀድሞ የተበሳው ቦታ ላይ አርፎ ነው እንዲህ የጎደለው። አሁን ሳንቲሙን ይዩት።"

ሐመልማል ስልኩን ከፍሬሙ ጎን አስጠጋችው። በአንበሳው ጅራት በኩል ያው ንክሻ፣ በዚያው ቅርጽ።

"ሰርቀው አንበሳ መቱበት" አለች ቀስ ብላ። "ጥንታዊ ነው ብለው ሊሸጡት!"

"ብሩ የድሮ ስለሆነ ማንም ቢፈትነው እውነተኛ ነው የሚመስለው። አባባ ነው ያወቀው። እሱ ብቻ ነው ሊያውቅ የሚችለው።"

"ያኔ ሲሰረቁ ለፖሊስ አመልክተው ነበር?"

"አዎ፣ እናንተው ጣቢያ። ሳንቲሞቹ ባይገኙም 'ጥሩ ልጅ ገጠመኝ' ብሎኝ ነበር። ስሙን አልነገረኝም። ቤት ድረስ መጥቶ፣ አባባ ስለ ልሙጥ ሲያስረዳው ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጦ ሰማው። አባባን ሰው ሲሰማው እንዴት ደስ እንደሚለው!" ይህን ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

*

"እኔ?" አለ ሰላሙ፣ ሐመልማል ስትጠይቀው። "ስርቆት ክፍል በነበርኩ ጊዜ ስንት አቤቱታ ነበር ኢንስፔክተር! አላስታውሳቸውም። ማን እንደያዘው ግን ልጠይቅልዎት።"

"የስልኩስ መረጃ?"

"ገና ነው። አሁን ግን ጎረቤትየውን ብንይዝ አይሻልም? በአጥር ምክንያት 'እገልሃለሁ' ብሎ ዝቷል አሉ።"

በርናባስን ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ከመኪና እንደወረደ ያዙት። ወፍራም፣ ቁጡ ሰው ነው፤ መሞታቸውን ሲሰማ ግን ወንበሩ ላይ ተዝለፈለፈ። "ዝቻለሁ" አለ። "ስንት ዓመት ስንዛዛት ኖረናል! እሳቸውም ዝተውብኛል። ከማን ጋር ልጣላ ነው እንግዲህ?" በዕለቱ ደብረ ብርሃን የእናቱ ተዝካር ላይ ነበር። የደብሩ ቄስ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ ያሳፈረው ሹፌር ሁሉ መሰከሩለት። ሲለቁት እንኳ እንባው አልደረቀም።

ቀጣዩ የሳንቲሙ ነጋዴ ነበር። ሐመልማል ፎቶውን ይዛ አሮጌ ዕቃ ሻጮችን ስታዳርስ መገናኛ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ደረሰችበት። ጀማለዲን ይባላል፤ ሱቁ በድሮ ሰዓትና በሳንቲም የተሞላ ነው። ሰላሙ በሩ ላይ ቆመ። ጀማለዲን ቀና ብሎ ሁለቱንም ሲያይ ይጠርገው የነበረው የኪስ ሰዓት ከእጁ አመለጠ።

"ይሄ ሳንቲም እዚህ ነበር?" አለች ሐመልማል።

"ነ... ነበር።"

"አቶ ወልደ ሐዋርያት አዩት?"

"አዩት። በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት። ከዚያ ጮኹ። 'ሌባ! ይሄ የእኔ ነው!' አሉኝ ሰው እየሰማ። እኔ በገንዘቤ የገዛሁትን! ሳንቲሙን በጃቸው ጨብጠው 'የሚመለከተውን ሰው ይዤ እመጣለሁ' ብለው ወጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ልታገላቸው አልቻልኩም።"

"ለእርስዎ ማን ሸጠው?"

ጀማለዲን ወደ በሩ አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። "አላውቀውም። መንገደኛ ነው።"

"መንገደኛ!" አለ ሰላሙ ከበሩ። "ኢንስፔክተር፣ ይሄ ሰው ይያዝ። ዕቃው ተወስዶበታል፣ ተከትሎ ገድሏቸው ነው።"

"ወላሂ አልገደልኩም! ያን ከሰዓት ሆስፒታል ነበርኩ። ልጄ ተቅዋ ወልዳ!"

እሱም እውነት ሆነ። ሐመልማል ራሷ ሄዳ ጠየቀች። ነርሶቹ ሳቁ፤ አያት ሆንኩ ብሎ ለጽዳት ሠራተኛው ሳይቀር ተምር ሲያድል፣ እስኪመሽ አልወጣም ብሎ ሲያስቸግራቸው ነበር። እንግዲህ ገዳዩ እሱ አይደለም። ታዲያ ምን አስፈራው? ፖሊስ ያስፈራል፤ አውቃለሁ ብላ አለፈችው። ያለፈችው ግን ልቧ ሳይቀበለው ነው።

*

በማግስቱ ከጫካ የተለቀሙትን ልሙጦች ለምርመራ ልትልክ ከረጢቶቹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። ሁለት ናቸው። አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። በላስቲኩ ላይ ጣቷን በአንዱ ልሙጥ ጠርዝ አሳለፈች። ጠፍጣፋ። ሌላኛውም ጠፍጣፋ፤ ሌላኛውም። ሁለተኛውን ከረጢት አነሳች።

ሁሉም ከንፈራም ናቸው።

ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌው ኪሳቸው ውስጥ ለያይተው ይዘዋቸው ይሆናል። ግን ገዳዩ ኪሳቸውን ገልብጦ፣ ሁሉንም ቅጠል ላይ በትኗቸው ነበር። ተደባልቀው ተዘርተው አይታቸዋለች። የለቀማቸው ደግሞ...

"አይሆንም" አለች ጮክ ብላ፣ ብቻዋን።

ብድግ አለችና ሁለቱንም ከረጢት ጋዜጣ ላይ ዘረገፈቻቸው፤ ደባለቀቻቸው። በሩ ተንኳኳ። ሰላሙ ሁለት ማኪያቶ ይዞ ገባ።

"ውይ፣ ፈሰሰብኝ" አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስላት አለ። "እስኪ መልስልኝ፣ እኔ ስልክ ልደውል።"

ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ለማንም አልደወለችም። በመስታወቱ ላይ የሰላሙ ምስል ይታያታል። ቁጭ ብሎ ልሙጦቹን ማንሳት ጀመረ፤ አፉ ግን ሥራ አልፈታም።

"የክርስትና ልጅዎ እኮ አስቸገረችን ኢንስፔክተር። ልደቴ ላይ ብስክሌት ካልተገዛልኝ ብላ! እናቷ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ብስክሌት የት ታደርጊዋለሽ ትላታለች። መሪ ሰፈር ውስጥ ሜዳ እንኳ የለም..."

ይናገራል። ዓይኑ ማኪያቶው ላይ ነው። እጁ ግን ብቻውን ይሠራ ነበር። አንዱን አነሣ፣ አውራ ጣቱን በጠርዙ አዞረ፣ ወደ ግራ። ሌላውን አነሣ፣ አውራ ጣቱን አዞረ፣ ወደ ቀኝ። ምንም አላሰበም። ምስር የምትለቅም ሴት ጠጠሩን ሳታየው እንደምትጥለው ነበር። ሲጨርስ ሁለት ክምር ሆነ፤ እያንዳንዱን በየከረጢቱ ከተተው።

"ጨረስኩ" አለ።

ሐመልማል መስኮቱን በጇ ተደገፈች። "አመሰግናለሁ" አለች ሳትዞር። "ማኪያቶውን እዚያው ተውልኝ።"

*

ብቻዋን መገናኛ ወረደች። ጀማለዲን ሱቁን ሊዘጋ ነበር። እያየችው በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አቶ ጀማለዲን፣ ገዳዩ እርስዎ እንዳልሆኑ አውቄአለሁ። ሳንቲሙን የሸጠልዎትን ሰው ግን ያውቁታል።"

ጀማለዲን ቁልፎቹን ኪሱ ከተተ።

"የልጅ ልጅ አግኝተዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ያ ሽማግሌም ልጅ አለቻቸው።"

ጀማለዲን በሁለት መዳፉ ፊቱን አሻሸ። "ብናገር ማን ይጠብቀኛል? ለማን ነው የምናገረው? እናንተው ናችሁ።"

"ለእኔ ይናገሩ።"

"ያን ዕለት በሬ ላይ ቆሞ የነበረው ነው" አለ፤ ድምፁ ከሹክሹክታ አልፎ አልወጣም። "ከእርስዎ ጋር የመጣው። ሳንቲም ሲያመጣልኝ የአያቴ ውርስ ነው ይለኛል። ፖሊስ መሆኑን ያወቅሁት በዚያን ቀን፣ ከኋላዎ ሲገባ ነው።"

ሐመልማል ይህን ቀድማ ጠርጥራ ነበር፤ መጥታ የነበረውም ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉን በጆሮዋ ስትሰማ ደረቷ ላይ በድንጋይ የተመታች መሰላት። ጀማለዲን ውኃ ቀዳላት።

ከዚያ ለጣቢያው ኃላፊ ነገረችው፤ የስልኩንም ጥሪ ራሷ አስጠየቀች። አቶ ወልደ ሐዋርያት ከሱቁ እንደወጡ የደወሉት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሰላሙ "ገና ነው" የሚላት መረጃ መልሱ ከደረሰው ቆይቷል።

*

መሪ ሰፈር ደርሳ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስትወጣ ሁለት ፖሊሶች ከኋላዋ ነበሩ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ አቆመቻቸው። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት።

"ውይ አበልጄ! ግቢ ግቢ! ምነው ሳትነግሪን?"

"ሰላሙን ፈልጌው ነው። ለአንድ አፍታ።"

ሰላሙ ሽጉጡን ከወገቡ ሳይፈታ በነጠላ ጫማ ወጣ። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ከሰመ። በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው።

"ሽጉጥህን ስጠኝ" አለችው።

"ኢንስፔክተር..."

"ስጠኝ።"

ሰጣት። ጥይቱን አውጥታ ኪሷ ከተተችው።

"ሌባውን ይዘኸው ነበር አይደል? አምና።"

ሰላሙ ግድግዳውን ተደገፈ። "ሳንቲሞቹን አገኘሁ" አለ በመጨረሻ። "ልመልስላቸው ነበር፤ እውነቴን ነው። ቤታቸው ሄጄ ሲያስረዱኝ ዋልኩ። የትኛው ለመመታት እንደተዘጋጀ፣ ለምን ብሩ ብርቅ እንደሆነ... እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ሌላ ነገር አሰብኩ። አንድ ብር ሠሪ አውቃለሁ። ከንፈራሞቹን እየለየሁ ሰጠሁት። ማን ያውቃል? ልሙጥ ብረት ነው። ማንም አይሞትበትም ብዬ ነበር።"

"ደወሉልህ።"

"'ልጄ ሰላሙ፣ አገኘሁት፤ አንተን ነው የምፈልገው' አሉኝ። ደስ ብሏቸው! ራጉኤል እንገናኝ፣ ነገሩ በምስጢር ይያዝ አልኳቸው። ከረባት አስረው፣ ለማነጻጸሪያ ልሙጦች ኪሳቸው ከተው መጡ። ሌባውን አብረን ልንይዝ መስሏቸው።" ዓይኑን ከነጠላ ጫማው ላይ አልነቀለም። "ሳንቲሙን ስጡኝ አልኳቸው። ፊቴን አዩት። ዝም ብለው አዩኝ፣ ገባቸው። ያኔ ገፋኋቸው... ገፋኋቸው እንጂ አልመታኋቸውም አበልጄ!"

"ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ሁለተኛው ከወደቁ በኋላ። አንተም ቆመህ ሰምተሃል።"

አንገቱን ደፋ። ከውስጥ ሚስቱ "ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ!" ስትል ተሰማ። ሐመልማል በጣቷ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች። ካቴናውን እሷ አላሠረችለትም፤ አልቻለችም። ደረጃው ላይ ሲያወርዱት ነጠላ ጫማው እየተንሸራተተ ይጮህ ነበር። ሚስቱ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ወደ ታች አየች፣ ወደ ሐመልማል አየች።

*

የካ ሚካኤል ስትደርስ ድንኳኑ ገና አልተነሣም። ፌበን ከለቀስተኞቹ መሃል አየቻትና ተነሣች። ከቤቱ ጀርባ ተያይዘው ሄዱ።

"ተገኘ?"

"ተገኘ። አባትሽ 'ጥሩ ልጅ ገጠመኝ' ያሉት ፖሊስ ነው። ሳንቲሞቹን አግኝቶ የራሱ አደረጋቸው። አባትሽም ሌባ አገኘሁ ብለው የደወሉት ለእሱ ነው። የእኔ ረዳት ነው፤ አበልጄም ነው፤ ሳጅን ሰላሙ።"

ፌበን ስሙን ስትሰማ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"ሰላሙ? ሳጅን ሰላሙ?"

"ታውቂዋለሽ እንዴ?"

"የአባባን ሞት በስልክ ያረዳኝ እሱ ነው።" ዓይኖቿ ፈጠጡ። "'እህቴ፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ፣ ሰው አጠገብሽ ጥሪ' አለኝ። ስጮህ ስልኩን አልዘጋውም። አብሮኝ አለቀሰ። በእግዚአብሔር ስም ይንገሩኝ፣ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ... ያ ለቅሶ የእውነት ነበር?"

ሐመልማል ስንት ገዳይ መርምራለች፤ ስንት ቤተሰብ ፊት ቆማለች። የክርስትና ልጇን ታቅፋ መጠመቂያው አጠገብ የቆመችበት ቀን፣ ሰላሙ በደስታ ያለቀሰው ለቅሶ ትዝ አላት።

"አላውቅም" አለች። "አላውቅም እህቴ።"

ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ የሰው ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው። ፌበን ጎንበስ ብላ ክንዷን ያዘች።

"ይነሱ" አለቻት። "ድንኳኑ ውስጥ ይግቡ። እርስዎም ሰው ሞቶብዎታል።"